ጥጋብ

ጥጋብ፦ «በቃኝ» የማለት ስሜት። ቃሉ ሁለት መልክ አለው፤ «ጠገብኩ፣ ተመስገን» የሚል ሰው ይመረቃል፣ «ጠግቧል» የተባለ ግን ተወቅሷል። በሕክምና ደግሞ ጥጋብ ከሆድ መሙላት ይለያል፤ የሚሞላው ሆድ ነው፣ መጥገባችንን የሚወስነው ግን አንጎል ነው።

ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ለአንጎልም የጥጋብ መልእክት ያደርሳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ግን ይፈርሳል። ዌጎቪ በሚል ስም የሚሸጠውና በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለውፍረት ሕክምና የፈቀደችው ሴማግሉታይድ ይህንኑ ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው። ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ በሳምንት አንዴ መወጋት ይበቃል። ተጠቃሚው ቶሎ ይጠግባል፤ ስለ ምግብ ማሰቡም ይቀንሳል። በአንድ ትልቅ ጥናት፣ ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ምክር ጋር የወሰዱት ሰዎች በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ክብደት ቀንሰዋል።

መድኃኒቱ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና የሆድ ድርቀት ሊያስከትል ይችላል፤ ሲቆምም ረሃቡና ከቀነሰው ክብደት አብዛኛው ይመለሳሉ። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀመር። መጥገባችንን የሚወስነው አንጎል ነውና፣ ወፍራሙንም ሰው «ሆዳም» ብለን ከመፍረድ እንቆጠብ።