በእጅ የተሰጠ እስትንፋስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ውስጥ የታናሽ ወንድሜን እስትንፋስ በእጄ ይዤ አደርሁ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የመተንፈሻ መሣሪያ እስኪለቀቅለት ድረስ ነርሷ «አምቡ» የምትለውን የጎማ ፊኛ አጨማመቅ አሳየችኝና ወደ ሌላ በሽተኛ ሮጠች። ስጨምቀው የወንድሜ ደረት ከፍ ይላል፤ ስለቀው ዝቅ ይላል። ንጋት ላይ መሣሪያው ተገኘ። በአራተኛው ቀን ግን ወንድሜ ዐረፈ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እጄን እወቅስ ነበር። የሠለጠነው ዓለም በመሣሪያ የሚሠራውን እኛ በድህነታችን በእጅ ሞከርነው ብዬ አምን ነበር። ይህን እምነቴን ያናወጠው የአንዲት ከተማ ታሪክ ነው።

ከተማዋ የዴንማርክ መዲና ኮፐንሃገን ናት። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1952፣ በእኛ የ1944 ዓ.ም. ክረምት ነው። የፖሊዮ ክትባት ገና አልተገኘም። ወረርሽኙ ከተማዋን መታ፤ ብሌግዳም የተባለው የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል በቀን እስከ 50 ሕሙማን ይጎርፉበት ጀመር፤ ብዙዎቹም ልጆች ነበሩ። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ሲያሽመደምድ ሰው አእምሮው ሳይስት በገዛ ደረቱ ውስጥ ይታፈናል። ሆስፒታሉ የነበረው አንድ «የብረት ሳንባ» እና ደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት መሣሪያዎች ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በእነዚህ መሣሪያዎች ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ።

የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ፕሮፌሰር ላሰን የማደንዘዣ ሐኪሙን ቢዮርን ኢብሰንን አማከሩ። ኢብሰን እንደተረዱት ሕሙማኑን የሚገድላቸው በደማቸው ውስጥ የሚከማቸው የተቃጠለ አየር ነበር። ነሐሴ 21 ቀን እጅና እግሯ የሰለለ፣ ለሞት የተቃረበች የ12 ዓመት ልጅ አመጡላቸው። ከጉሮሮዋ በታች ተቀድዶ ቱቦ ገባላት። ልጅቷ ስትታገል ኢብሰን ማደንዘዣ ሰጧት፤ የራሷ ትንፋሽ ሲቆም የጎማውን ከረጢት እየጨመቁ አየር ሰጧት። ልጅቷ ዳነች።

መላው ተገኘ፤ ግን ማን ይጨምቅ? የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ። ወደ 1,500 የሚጠጉ ወጣቶች እየተፈራረቁ፣ ሌሊት ከቀን፣ በየአልጋው ራስጌ ተቀምጠው ጨመቁ። አንዳንዴ በአንድ ጊዜ 70 ሕሙማን በእጅ ይተነፍሱ ነበር። የተማሪዎቹ ድካም ሲደመር 165,000 ሰዓት ሆነ። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ማስላት ልማዴ ነው፦ አንድ ሰው እንቅልፍ ሳያይ ወደ 19 ዓመት ያህል ቢጨምቅ ማለት ነው። ከመቶው ከ80 በላይ የነበረው ሞት ወደ 40 ገደማ ወረደ። ቢሆንም ብዙዎቹ ተማሪዎች የሚያስተነፍሱት ልጅ እጃቸው ላይ ሞቶባቸዋል።

በተከታዩ ዓመት ኢብሰን በዚያው ከተማ በሌላ ሆስፒታል፣ በማናቸውም ሕመም ለሞት የተቃረቡ ሰዎች በአንድነት ተኝተው ቀንና ሌሊት የሚጠበቁበትን ክፍል ከፈቱ። የዓለም የመጀመሪያው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። በ1956 ደግሞ እዚያው ዴንማርክ ሄሰ እና ሩበን የተባሉ ሁለት ሰዎች ሲለቁት በራሱ የሚነፋ ፊኛ ሠሩ። ስሙ «አምቡ» ተባለ።

ያን ሌሊት በእጄ የነበረው እርሱ ነው።

እጅ መሣሪያን ይተካል አልልም። ኮፐንሃገን ያን ያደረገችው ለአንድ ወረርሽኝ፣ ጭንቅ ቢይዛት ነው፤ ወንድሜም መሣሪያውን ከምሽቱ ሊያገኘው ይገባ ነበር። ይህ ቁጭት አሁንም አለ። ነገር ግን እጄን መውቀሴን ትቻለሁ። የዚህ ሕክምና መጀመሪያው አንድ ሰው ከአንድ በሽተኛ ራስጌ አለመነሣቱ ነበር። እኔም እስኪነጋ አልተነሣሁም።