በአባቱ የተጠረጠረው ሌተና

አንድ የአሜሪካ ወታደር ሚስጥር የሰፈረበትን ወረቀት እንዲያይ ከመፈቀዱ በፊት ምን የሚጠየቅ ይመስላችኋል? ተኩሱን? ጀግንነቱን? እውነቱን ለመናገር ከጥያቄዎቹ ዋነኞቹ እኛ አገር ሽማግሌ የላከ ወንድ ከሚጠየቀው ብዙም አይርቁም። የማን ልጅ ነህ? ዘመዶችህስ እነማን ናቸው?

ይህ አጥንት ቆጠራ የጦዘው በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1953 ሁለት የአየር ኃይል ሰዎች ሚሺጋን ውስጥ ዴክስተር በምትባል ትንሽ ከተማ የማይሎ ራዱሎቪችን በር አንኳኩ። ማይሎ ዕድሜው 26 ነው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጦሩን የተቀላቀለ የአየር ጠባይ ባለሙያ፣ የተጠባባቂ ጦር ሌተና፣ በዚያ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ያመጡለት ደብዳቤ ለአገር ደኅንነት አስጊ ስለሆንክ ልትሰናበት ነው ይላል። የእሱን ታማኝነት የጠረጠረ ግን የለም! ጥፋቱ ከአባቱና ከእህቱ ጋር መቀራረቡ ነበር። አባትየው የሰርብኛ ጋዜጣ የሚያነቡ ስደተኛ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ እህትየው የግራ ፖለቲካ አራማጅ ናት።

ማይሎ ቤተሰቤን አልክድም አለ። ጉዳዩን የሚሰሙት መኮንኖች ፊት ማስረጃው ያለበት ፖስታ እንደታሸገ ቀረበ፤ እሱም ጠበቃውም እንዲያዩት አልተፈቀደም። አንድም ምስክር ሳይቆምበት ይሰናበት ተባለ። ኦክቶበር 20 የሲቢኤሱ ጋዜጠኛ ኤድዋርድ ሙሮ ታሪኩን በቴሌቪዥን አወጣው። በዘመዶቼ ከተፈረደብኝ ነገ ልጆቼ እኔን ካዱ ሊባሉ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ አገር ሰማው። ከአምስት ሳምንት በኋላ የአየር ኃይሉ ኃላፊ ሃሮልድ ታልቦት ነፃ ነው አሉ።

ዛሬ የሴኪዩሪቲ ክሊራንስ አሰጣጥ መልክ ይዟል። ወታደሩ ራሱ ተነስቶ አያመለክትም፤ የተመደበበት ሥራ ከጠየቀ የጦር ክፍሉ ያስጀምርለታል። ከዚያ ያ የማያልቅ ፎርም ይመጣል፤ ለዓመታት የሠሩበት ቅጽ ከ100 ገጽ በላይ ነው። የት ኖርክ፣ ማን ቀጠረህ፣ ዕዳ አለብህ ወይ፣ ሐሺሽ ቀምሰሃል ወይ፣ ውጭ አገር ማን አለህ። አሻራ ይሰጣል። ለቶፕ ሲክሬት ከሆነ መርማሪ ጎረቤቱና አለቃው ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። በመጨረሻ መዝገቡ በ13 መመዘኛዎች ይታያል። የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲነገረው፣ ይግባኝም እንዲኖረው የ1995ቱ የፕሬዚዳንት ክሊንተን ትዕዛዝ ያዛል።

ዘመድ መቁጠር ሌባ ያስይዛል ወይ? የባህር ኃይሉን ጆን ዎከርን ተመልከቱ። ክሊራንሱን እንደያዘ በ1967 ዋሽንግተን ወዳለው የሶቪየት ኤምባሲ ሰተት ብሎ ገባ። የገፋፋው የባዕድ ዘመድ ሳይሆን ዕዳ ነው። እስከ 1985 ድረስ የባህር ኃይሉን የሚስጥር ኮድ ቁልፎች ሸጠ፤ ብሶበት ወንድሙንና ልጁን ሳይቀር መለመለ። ያጋለጠችውም የተፋታት ሚስቱ ናት፣ ፎርሙ አይደለም።

ወደ እኛ የሚመጣውም ነገር እዚሁ ላይ ነው። ክሊራንስ በመደበኛው ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው። በ2008 ግን ፔንታጎን ማቭኒ የሚባል ፕሮግራም ፈቀደ። ግሪን ካርድ የሌላቸው ሐኪሞችና ጦሩ የሚፈልጋቸውን ቋንቋዎች የሚናገሩ የውጭ ዜጎች እንዲቀጠሩና ቶሎ ዜግነት እንዲያገኙ ነው። አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅ እናቱ ወይ አክስቱ እዚህ አሉ። የተፈለገው በዚህ ነው፣ የተጠረጠረውም በዚሁ። በ2016 ምርመራው ጠበቀ፣ ፕሮግራሙም ለአዲስ ገቢ ተዘጋ። ብዙዎች ለዓመታት ውጤት ሲጠብቁ ከረሙ፤ ዜግነት ያገኙትም ቢሆኑ በየሁለት ዓመቱ እንደገና እንዲጣሩ ተደረገ።

ከእነዚህ የተወሰኑት ወታደሮች መንግሥትን ከሰሱ። በጃንዋሪ 2019 ሲያትል የሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት ዳኛ ቶማስ ዚሊ፣ ዜግነት ያገኙትን ወታደሮች እዚያው ከተወለዱት ለይቶ እንዲህ መመርመር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው አገዱት።