«ወርልድ» እና «ዓለም»

የእንግሊዝኛው «ወርልድ» ፍቺ «ዓለም» ነው ብሎ ማለፍ ተለምዷል። ጥንቱ ሲመረመር ግን ሁለቱም የዘመን ስሞች ናቸው። ያኛው በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሰው» እና «ዘመን» ከሚሉ ቃላት የተጣመረ ነው። የእኛውም በግእዝ «ለዓለም» ሲል «ለዘለዓለም» ማለቱ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ከጽርእ በአክሱም ዘመን ሲተረጐም፣ ዘመንን የሚያሳየው «አዮን» እና ፍጥረትን የሚያሳየው «ኮስሞስ» በዚህ በአንዱ ቃል ተጠቃለዋል።

አማርኛ ደግሞ ደስታን አከለበት። እናት «የልጄን ዓለም ልይ» ስትል ሠርጉን መመኘቷ ነው፤ ተድላ ወዳዱም «ዓለመኛ» ይባላል። ይህን ፍቺ እንግሊዝኛው አያውቀውም። ስለዚህ በመርሐ ቤቴ የምትገኘውን የዓለም ከተማን ስም «የወርልድ ከተማ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ስፋቱን ብቻ ያስተላልፋል፤ አማርኛ ተናጋሪው የሚሰማው ደስታ ይቀርበታል። የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ፍቺ፣ እንደ ተራ ዘይቤ ሳይቈጥሩ፣ ራሱን አስችለው በቍጥር ሊያሰፍሩት ይገባል።