በክረምትም በበጋም የሚጎበኙ የታሪክ ቤቶች

«ቤተ መዘክር» የተባለው ስም ከግዕዝ የተገኘ ነው። ዘከረ ማለት አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ስለ ሆነ፣ ቤተ መዘክርም ሕዝብ እንዳይረሳው የሚፈልገውን ነገር አክብሮ የሚያኖርበት የመታሰቢያ ቤት ማለት ነው። ስሙ ይህን ያኽል የከበረ ሲሆን፣ ብዙዎቻችን ግን ለባዕድ አገር እንግዳ ብቻ የተሠራ ቤት አስመስለን እንመለከተዋለን። ከሩቅ አገር የመጣ ወዳጅ ወይም ዘመድ ካልተቀበልን በቀር ደጁን የምንረግጥ ጥቂቶች ነን።

ክረምት በገባ ጊዜ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ዝናቡ ይበረታል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ ልጆችም ከቤት ይውላሉ። በዚህ ጊዜ አባትና እናት «ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» ብለው መጨነቃቸው የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆኑ ቤቶች አሏት። ዝናብ የማያግዳቸው፣ ፀሐይ የማያከስማቸው፣ በማናቸውም ወራት ቢገቡባቸው ትምህርትና ደስታ የሚሰጡ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሦስቱን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስና፣ አንድ ቤተ ሰብ እነዚህን ቤቶች በምን ዐይን ሊመለከታቸው እንደሚገባ መግለጽ ነው።

ከዕቃ ቤት ወደ ቤተ መዘክር

አባቶቻችን የከበረውን ነገር መጠበቅ ያውቁ ነበር። እያንዳንዱ ደብር ዕቃ ቤት፣ እያንዳንዱ ንጉሥ ግምጃ ቤት ነበረው። መስቀሉ፣ ዘውዱና የብራና መጽሐፉ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር፤ በበዓል ቀን ሲወጣ ሕዝቡ ከሩቅ አይቶ እጅ ይነሣ ነበር። እንግዲህ መጠበቅ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው፣ የተጠበቀውን ነገር ማንም ዜጋ ልጁን ይዞ ገብቶ በቅርብ እንዲያየው በሩን መክፈት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ብዙ የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ሰብስበው ነበር። ነገር ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው በሞቱ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ጦር ያን ሁሉ ሀብት ዘረፈው። ለመጫን 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ከጦሩም ጋር ከለንደን ቤተ መዘክር የተላከ ሰው አብሮ ዘምቶ ነበርና፣ ከምርኮው እየመረጠ ገዛ። በዚህ ምክንያት ከመቅደላ የወጣው ንብረት ብዙው ዛሬም በለንደን ይገኛል። የኢትዮጵያ ልጅ የአያቶቹን መጽሐፍ ለማየት ባሕር መሻገር አለበት ማለት ነው። የራሱን የመታሰቢያ ቤት በጊዜው ያልሠራ ሕዝብ መታሰቢያው በሌላ ሰው ቤት እንደሚቀመጥ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

በሌላም አገር ቢሆን የነገሥታት ቤት ለሕዝብ የተከፈተው በቀላሉ አይደለም። በፓሪስ የሚገኘው ሉቭር የፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ነበር፤ የሕዝብ ቤተ መዘክር ሆኖ የተከፈተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1793 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ንጉሡን ካስወገደ በኋላ ነው። የኛም ቤተ መንግሥት በሮች እንደዚሁ ብዙ መከራ ካዩ በኋላ የተከፈቱ ናቸው።

የምኒልክ ግቢ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸውን ሠሩ። ከግቢው ቤቶች መካከል በቅርጹ ምክንያት «እንቁላል ቤት» የሚባለው ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆነው አዲሲቱን ከተማ በመነጽር ይቃኙ ነበር ይባላል። ከዚያ አለፍ ሲል ታላቁ የግብር አዳራሽ አለ። ግብር በሚበላበት ቀን ንጉሡና መኳንንቱ በመጋረጃ ተከልለው ይቀርባሉ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ሹማምንቱ፣ ወታደሩና ድኻው በየማዕርጉ እየገባ ይበላል፤ ይጠጣል። ግብር ማለት ድግስ ብቻ አልነበረም። በዚያ አዳራሽ ሹመትና ሽረት ይታይ ነበር፤ የተበደለ ይጮኽ ነበር፤ ጌታና ሎሌ የሚተያዩበት የመንግሥት ሸንጎ ነበር።

ይኸው ግቢ በኋላ ዘመን ሌላ ታሪክ አየ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ በዚሁ ግቢ ታስረው ቈዩ፤ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. መሞታቸው ተነገረ። ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከግቢው ውስጥ ተቆፍሮ እስኪወጣ ድረስ መቃብራቸው ለሕዝብ የተሰወረ ነበር። በ1993 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፉ። የቀድሞው መንግሥት ሚኒስትሮችና የጦር አለቆችም በግቢው ምድር ቤት ታስረው ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ከዚያ ተወስደው ያለ ፍርድ የተረሸኑት ወደ ስድሳ ይደርሳሉ።

ግቢው «አንድነት ፓርክ» በሚል ስም በ2012 ዓ.ም. በመስከረም ወር ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ አንድ አባት ልጁን በእጁ ይዞ ነገሥታት በተቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ ሊመላለስ ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የግብሩን አዳራሽ፣ ዙፋኑንና የእስር ቤቱን ክፍል ያያል። ላይኛው ቤት ዙፋን፣ ታችኛው ቤት ወህኒ ሆኖ በአንድ ጣሪያ ሥር መገኘቱ፣ ስለ ሥልጣን ኀላፊነት ከብዙ ገጽ ትምህርት ይልቅ የሚናገር ነገር ነው።

ገነተ ልዑል

በስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከጠላት ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተሠራ ነው። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የኢጣልያ እንደራሴዎች መኖሪያ አደረጉት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ በኢጣልያ አልጋ ወራሽ ቤት ልጅ በመወለዱ ለድኾች ምጽዋት አድላለሁ ብሎ ሕዝቡን በዚሁ ግቢ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት የኤርትራ ተወላጆች ቦምብ ጣሉበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት ይታወቃል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ከነጻነት በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቍጥር 30,000 ነው። ከግቢው በር ማዶ በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው ሐውልት የዚያ ቀን መታሰቢያ ነው።

ከቤቱ ፊት አንድ ጠመዝማዛ የደረጃ ሐውልት ይታያል። ፋሽስቶች የሥልጣናቸውን ዓመታት በደረጃ እየቈጠሩ ያሠሩት ነው። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ሐውልቱ አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ብዙ ጎብኚ ሳያስተውለው የሚያልፈው ይህ ደረጃ ለልጆች እጅግ የተመቸ ትምህርት ነው። ጠላት «ወደ ላይ እወጣለሁ» ብሎ የቈጠረውን ደረጃ ሌላ ወጣበት ማለት ነውና።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ከተመለሱ በኋላ እንደ ገና በዚሁ ቤት ተቀመጡ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ ንዋይ የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በተነሣ ጊዜ፣ የተያዙት ሹማምንት የታጐሩት በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነበር። ነገሩ አልሆን ባለ ጊዜ በመትረየስ ተፈጁ። ከሞቱት መካከል ራስ ሥዩም መንገሻና የአርበኞች መሪ የነበሩት ራስ አበበ አረጋይ ይገኙባቸዋል። ጠላት በአምስት ዓመት ሊይዛቸው ያልቻለ አርበኛ በወገን ጥይት በዚህ ቤት መውደቃቸው፣ ወደዚያ ሳሎን የሚገባውን ሰው ሁሉ ሊያሳስበው የሚገባ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በቤቱ ሊኖሩበት አልወደዱም፤ ለትምህርት ሰጡት። በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በዚሁ ግቢ ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ቤተ መዘክሩ ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር አብሮ ተደራጀ። የተቋሙ የመጀመሪያ ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ሲሆኑ፣ ቅርሱን በመሰብሰብ የደከሙት ደግሞ የፖላንድ ተወላጅ የሆኑት ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ናቸው።

የቤተ መዘክሩ አደረጃጀት ለቤተ ሰብ ልዩ ምቾት አለው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በየብሔረሰቡ ተለይተው ሳይሆን በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነሥቶ፣ በጕልምስና በኩል አልፎ፣ እስከ ሞትና ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ልጅ ገና ሲገባ የሚያየው የልጆችን ጨዋታና ተረት ነው። ከደቡብም ከሰሜንም የመጣው አሻንጉሊትና የሥራ ዕቃ ጐን ለጐን ስለሚቀመጥ፣ ሰው በቋንቋና በልብስ ቢለያይም ተወልዶ፣ ተጫውቶ፣ ሠርቶና አግብቶ የሚሞት አንድ ፍጥረት መሆኑን ያለ ስብከት ይረዳል። በላይኛው ደርብ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌዪቱ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤታቸውም ሳይቀር እንደ ነበረ ተጠብቋል። እዚያም በታኅሣሡ ግርግር ጥይት የበሳው መስተዋት ይገኛል።

ድንቅነሽና ሰላም

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይገኛል። የነገሥታት ልብስ፣ የተቀረጸ ታላቅ ዙፋንና የታወቁ ሠዓልያን ሥራዎች አሉበት። ነገር ግን ልጆችን ሁሉ የሚስበው በምድር ቤቱ ያለው ነው።

ድንቅነሽ የተገኘችው በአፋር ምድር በሐዳር፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በዶናልድ ጆሃንሰን ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ከጠቅላላ ዐፅሟ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ስለ ተገኘ፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከዐሥር ሳንቲም ያኽል እንደ ነበረና በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደ ነበር ሊታወቅ ተችሏል። ለሕዝብ የሚታየው ግልባጯ ነው፤ ዋናው ዐፅም በጥንቃቄ ይጠበቃል።

አንባቢ ሆይ፣ ቀኑን ልብ ይበል። ኅዳር 15 ቀን ማለት ስድሳዎቹ በተረሸኑ ማግሥት ማለት ነው። በአንዲት ሌሊት በአዲስ አበባ የትናንት ሹማምንት ያለ ፍርድ ወደ ጕድጓድ ሲወርዱ፣ በነጋታው በአፋር በረሓ የሰው ዘር ሁሉ እናት ልትባል የምትችል ፍጥረት ከምድር ወጣች። የአንድ ሳምንት ታሪካችን ይህን ሁለቱን በአንድነት ይዟል። ሁለተኛውን በኵራት እያነሣን የመጀመሪያውን ዝም ብንል፣ ልጆቻችንን ግማሽ ታሪክ አስተማርናቸው ማለት ነው።

ከድንቅነሽ ሌላ ለልጆች ቅርብ የምትሆነው ሰላም ናት። በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ ያገኛት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው። የሦስት ዓመት ያኽል ሕፃን ነበረች። «የሉሲ ልጅ» የሚላት ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከድንቅነሽ ከመቶ ሺሕ ዓመት በላይ ቀድማ የኖረች ናት። ዐፅሟ በደረቅ የአሸዋ ድንጋይ ተይዞ ስለ ነበር፣ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ጥቂት በጥቂት እየፋቁ ለማላቀቅ ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀ። ትዕግሥት ምን ፍሬ እንደምታፈራ ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ስለ አጎበኛኘት

ቤተ መዘክር እንደ ገበያ በሩጫ የሚታይ አይደለም። ሁሉን አይቼ ልጨርስ የሚል ሰው ምንም ሳያይ ይወጣል። በአንድ ቀን አንድ ቤት፣ በአንድ ቤትም ሦስት ወይም አራት ነገር በደንብ ማየት ይበቃል። ልጅ «ይህ ምንድን ነው? ማን ሠራው? ለምን ተቀመጠ?» ብሎ ሲጠይቅ የማያውቁትን «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ማለት የወላጅን ክብር አይቀንስም። መምህራንም ጉብኝቱን ለበዓል ሰልፍ ሳይሆን ለትምህርቱ ክፍል ቢያደርጉት፣ ተማሪው ከተመለሰ በኋላ ያየውን በጽሑፍ ቢያቀርብ፣ ፍሬው እጥፍ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ወላጅና መምህር እውነቱን ይንገሩ። በነዚህ ቤቶች ግብር ተበልቷል፤ ደምም ፈስሷል። ድል ተከብሯል፤ ወገን በወገኑ ላይ ተነሥቷል። ልጅ ይህን ለመስማት ገና ነው እያልን ብንሸሽገው፣ ከሌላ ሰው አጣሞ ይሰማዋል፤ በቂምም ይቀበለዋል። ከአባቱ አፍ፣ ነገሩ በሆነበት ክፍል ቆሞ የሰማው እንደ ሆነ ግን፣ ከቂም ይልቅ ማስተዋልን ይማራል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንደሚባለው፣ ታሪክም በቦታው ሲነገር ይጣፍጣል።

መቅደላ ላይ ያጣነው ነገር ቤት ስላልነበረው ሄደ። ዛሬ ቤቱ አለ፤ በሩም ተከፍቷል። የቀረው ልጆቻችንን ይዞ መግባት ነው። የባለቤቱ እግር የማይረግጠው ቤት ቢጠበቅም የማከማቻ ቤት ይሆናል እንጂ የመታሰቢያ ቤት አይሆንም።