ጓያና የእናቶቻችን ማድቤት

በምሥራቅ ጎጃም ስለ ችግር ዘመን ምግብ ሲነሣ ጓያ አይቀርም። ከአምበር እስከ ቢቸናና ሞጣ ባለው አገር፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውሃ በጠገበ መረሬ አፈር ላይ ይዘራል። ብዙ እርሻ አይፈልግም፤ ዝናብ ቢቋረጥም አፈሩ በያዘው እርጥበት ያፈራል።

ይህ ጠባዩ ለክፉ ጊዜ የተፈጠረ ያስመስለዋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው «ክፉ ቀን» በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የእርሻ በሬውን ጨረሰ። ጎጃም ላይ ደግሞ በ1881 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ዘመቻ ተደረበ። በሬ ለሌለው ገበሬ ሳይደክም የሚያበቅለው እህል ሕይወት ነው።

ግን ጓያ ዕዳም አለው። በውስጡ ያለው መርዝ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደ እግር ደግሞ አይመለስም። ሕዝቡ «ጓያ ሰበረው» የሚለው ይህንኑ ነው።

እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ዘፍዝፈው ውሃውን ይደፋሉ፤ ከሌላ እህል ይቀላቅላሉ፤ ሽሮውን በሽንኩርትና በቅመም ይሠሩታል። እንፋሎቱ ይሰብራል ብለው መሸሻቸው እንኳ ልክ አልነበረም፤ የቀረው ግን እውነት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደላንታ ላይ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው አጠኑት። እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው አደጋውን ሲጨምሩ፣ ከእህል መደባለቅና ቅመም ያለው ወጥ ቀንሰውት ተገኙ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የድሮ ሰው ቁጠባ ሲመሰገን የሚረሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ ለመቀላቀል ሌላ እህል ሊኖር ይገባል፣ ለወጡም ሽንኩርትና ማገዶ ያስፈልጋል። ድርቁ ሲጠና እነዚህ ቀድመው ያልቃሉ፤ የቀረው ንፍሮ ብቻ ይሆናል። ጓያ የሚሰብረው ሙያ የጎደላትን ሴት ቤት ሳይሆን ጓዳዋ የተራቆተባትን ነው። ስለዚህ በረሃብ ጊዜ የሚሰጠው ትምህርት ብቻውን ከሆነ፣ የምታውቀውን መልሶ መንገር ነው እኮ! የሚደባለቅ እህል ቶሎ መድረስ አለበት።

በየጤና ጣቢያው ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እግሩ የከበደው ወጣት ሲመጣ «ምን በላህ?» ብላችሁ አትለፉት። «በምን ተሠርቶ? ከምን ጋር? ስንት ወር?» በሉት። ከዚያም ከቤቱ የቀረውን እህል ጠይቁ፤ ቀጥሎ የሚታመመው ወንድሙ ሊሆን ይችላልና።