ዜና ትምህርት ዘምድረ አዊ

በ1928 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ወር ሳይሞላውም ግንቦት 24 ቀን የግዛቱን ሕግ አወጣ። ከዚያ ወዲያ የነጭና የጥቁር ልጅ በአንድ ጣራ ሥር መማሩ ቀረ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ለጣልያን ልጆች ብቻ ተሰጠ፤ ግማሹ በንጉሣቸው በቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ፣ ግማሹ በሙሶሊኒ ስም ተጠራ። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትማ የወታደር ሆስፒታል ሆነ።

ያገሬው ልጅ ግን በየአገሩ ቋንቋ ይማር ተባለ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲሰሙት ደግ ይመስላል፤ የታሰበው ግን ለያይቶ ለመግዛት ነው። ለኤርትራ ትግርኛ፣ ለሐረር ሐረሪና ኦሮምኛ ተመደበ። ጎጃም ከአማራ ግዛት ተቆጥሮ ነበርና በአዊ ምድር ላሉት ለዳንግላና ለእንጅባራ የደረሰው አማርኛ ሆነ። አባቶቹ በፈረስ አድዋ የዘመቱለት የአዊ ሕዝብ ቋንቋ ስሙም አልተነሣ።

በ1933 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ሲወጡ፣ ዳንግላ የሰፈረው የጣልያን ጦር ምሽጉን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ። በቀለም የለየው ትምህርት ቤትም አብሮት ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ የአንደኛ ደረጃው ትምህርት ግን በአማርኛ ሆነ። የአዊ ገበሬ ልጅ ከእናቱ ጋር ድንች ሲለቅም የሚያወራበትን ቋንቋ ደጃፍ ላይ ትቶ ክፍል ይገባ ነበር። መምህሩ ሲጠይቅ የከተማው ልጅ ፈጥኖ እጁን ያወጣ ነበር፤ እሱ ጥያቄው ራሱ ስላልገባው አቀርቅሮ ዝም ይል ነበር። ዝምታውም እንደ ድንቁርና ተቆጠረበት።

በ1971 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አወጀ። እየዋለ እያደረም ሕዝቡ በ15 ቋንቋ ተማረ፤ ዓለምም ዘመቻውን ሸለመው። አዊኛ ከ15ቱ አልገባም። ጣልያን ቢዘነጋው ጠላት ነው፤ እኔ ጸሐፊውን የሚደንቀኝ የወገን መዘንጋት ነው።

በ1986 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር የሚል ፖሊሲ ወጣ። እንጅባራን ከተማው ያደረገው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደርም አዊኛን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስገባ። በአፍንጫ ለሚወጣው ድምፅ በሀሁው ገበታ የሌለ ፊደል ያስፈልግ ነበርና፣ ልጆቹ ጘ፣ ጙ፣ ጚ እያሉ ቆጠሩ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያንን ቋንቋ ከመዋዕለ ሕፃናት ከለመደው የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ጋርም አንድ ፈተና ይፈተናሉ።