የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ (ኢትዮጵያ)

የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ፦ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት በአደጋ ወይም በሙያ በሽታ ሲጎዳ የሚከፈለው የገንዘብና የሕክምና መብት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ግን ካሳ አይጠይቅም። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ሲጓዝ የደረሰ አደጋም ይካተታል።

አሠሪው የሕክምና፣ የመድኃኒትና የሰው ሠራሽ አካል ወጪ ይሸፍናል። ጊዜያዊ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ በተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። የዘላቂ ጉዳትን መጠን የሐኪሞች ቦርድ ይወስናል። ሠራተኛው በጡረታ ሕግ ካልተሸፈነ፣ ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ይከፈለዋል፤ ከዚያ ላነሰ ጉዳት ክፍያው በጉዳቱ መጠን ይሰላል።